በረሃውን አብጠርጥሬ አውቃለሁ ያልኩ ለት

ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ብሎ የሚኮራ ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ይኩራ። መኪናችሁ ውስጥ ግን አታስገቡት። ይህን የምላችሁ ሰው ጠልቼ አይደለም። ያ ሰውዬ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ዳስ በሸፈኑበት በኩል ባለች ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይ ይባል እንጂ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ሻንጣ እሸከማለሁ፣ የወባ ትንኝ አቤቱታ በፈረንሳይኛ እሰማለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ነጭ ፎጣ ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ጣፋጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካራሜል፣ አቀርባለሁ። ፈረንሳይኛዬን ሁለት ዓመት ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ከባቡር መንገደኞች ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። በለቀምኩት እኮራ ነበር። ብቻዬን ስሆን እንኳ ሳስነጥስ በፈረንሳይኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ማዳም ካቲና የምትባል ግሪክ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ ኖራ አማርኛዋ ወንድና ሴት ለይቶ አያውቅም። እኔን “አንቺ” ትለኛለች፣ ድመቷን “አንተ”።

አንድ ቀን ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ሁለት እንግዶች ደረሱ። ሙሴ ጉስታቭና ማዳም ክላራ ይባላሉ፤ ባልና ሚስት ናቸው፤ ስዊስ ናቸው። ሁለቱም በአስተማሪነት አርጅተው ጡረታ የወጡ። እሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ቲማቲም የመሰለ ሰው ነው። እሷ አጭር ናት፤ ከራሷ የሚበልጥ የሰሌን ባርኔጣ ታደርጋለች፤ ከአንገቷ ላይ አቅርቦ ማያ መነጽር አይጠፋም። ቁርስ ላይ ጨው ያለበትን ጠረጴዛ የምትፈልገው በመነጽሩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ወደ እኔ መጡና ሙሴ ጉስታቭ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በፈረንሳይኛ በረሃ “ዴዜር” ነው። ከምሳ በኋላ የሚበላው ጣፋጭ ደግሞ “ዴሴር”። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ እኔን ጉድ የሠራችኝም እሷው ናት።

“ዴዜሩን ያውቁታል ወይ?” አለኝ።

እኔ የሰማሁት ጣፋጩን ነው። በሙያዬ የመጣ ጥያቄ!

“እንዴታ! አብጠርጥሬ ነው የማውቀው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ” አልኩት።

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ። እሁድ እሁድማ ሁለት ጊዜ።”

“አይከብድም ታዲያ?” አለች ማዳም ክላራ።

“ለለመደ ሰው ምንም አይደል።”

“በየትኛው ሰዓት ነው የሚሻለው?”

“ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚሻለው፣ ማዳም።”

“በእኛ ዕድሜ አደገኛ አይሆንም?”

“የለም፣ የለም! ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ይወዱታል።”

ማዳም ክላራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “እባክዎ፣ እርስዎ ራስዎ ይዘውን ይሂዱ” አለችኝ። እኔ ወደ ምግብ አዳራሹ መስሎኝ፣ “በደስታ! እስከ መጨረሻው አብሬያችሁ ነኝ” አልኩ። እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀነቀችው። ለካራሜል ይህን ያህል ደስታ አይቼ አላውቅም ብዬ እየተገረምኩ ሳለ፣ ሙሴ ጉስታቭ አንድ ትልቅ ካርታ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ጣቱን ድሬዳዋ ላይ ተከለ፤ በባዶው ቢጫ መሬት ላይ እየጎተተ ወደ ምዕራብ ወሰደውና አዋሽ ላይ አቆመ። ያኔ የአዋሽ የዱር አራዊት ፓርክ ገና አዲስ ነበር። “ከዚያ ስንመለስ ደግሞ በባቢሌ በኩል ዝሆኖቹን” አለ።

ጆሮዬ ጋለ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ማዳም ካቲና ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። እንግዶቹን በፈገግታ ሸኝታ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ! በረሃ ታውቂያለሽ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማዳም፣ ነገሩ እንኳ...”

“ዝም በይ። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ትልቅ ማኅበር አላቸው። ደስ ካላቸው መቶ ሰው ይልካሉ፣ አንቺ ዋና ኃላፊ ትሆኛለሽ። ደስ ካላላቸው፣ ከሻንጣቸው ጋር አንቺንም አወጣለሁ።”

ወገኖቼ፣ እኔ ከድሬዳዋ ወጥቼ የማውቀው አንድ ጊዜ ነው። እሱም በባቡር ወደ አዲስ አበባ፣ ያውም ተኝቼ። አዋሽን በህልሜ ነው ያለፍኩት። ግን ዋና ኃላፊነቱን አሰብኩ፤ ሻንጣዎቹንም አሰብኩ፤ እናም ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ማዳም ክላራን ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። “ሳላ” አለችኝ። ቀንዱ እንደ ጦር የረዘመውን የበረሃ አውሬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ላይ እያሳየች ልጆች አስተምራበታለች፤ ራሷ ግን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ጉልበቷ ሳይከዳት አንዴ ለማየት ነው ባሕር ያቋረጠችው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ቀጠነ። ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል? እኔ ግን “ሳላ? ማዳም፣ እዚያ እንደ ፍየል ነው የሚርመሰመሰው! ከመንገድ ላይ ገፍተን ካላስወጣነው አያሳልፈንም” አልኳት።

ቀጥሎ የመንገዱ ጉዳይ ነበር። ባቡር ጣቢያው ሄጄ ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ ጠየቅኩ። “ከዚህ እስከ አዋሽ ምን ምን አለ?” እላለሁ። አንዱ፣ “ኤረር ብርቱካን አለ” ይለኛል። ሌላው፣ “አፍደም ስትደርስ ወተት ታገኛለህ” ይላል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ “ሚኤሶ ሳምቡሳ እንዳትገዛ፤ አንጀቴን ነው የቆረጠኝ” አለችኝ። ሁሉንም እየጻፍኩ በሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ ካርታ ሣልኩ። ሲያልቅ ሳየው በባቡር መስኮት የሚሸጥ ምግብ ካርታ ሆኗል። ኮረብታ የለ፣ ወንዝ የለ። ብርቱካን፣ ወተት፣ የአንጀት ቁርጠት፣ አዋሽ። ሙሴ ጉስታቭ ግን በአክብሮት አገላብጦ አየውና፣ “የአገሬው ሰው በረሃን የሚያውቀው በሚበላው ነው” ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ከዚያ የመኝታው ነገር አሳሰበኝ። ፈረንጅ መሬት ላይ እንዴት ይተኛል? ስለዚህ ከስምንት ቁጥር ክፍል አንድ ትልቅ የብረት አልጋ ከነፍራሹ፣ ከነአጎበሩ አስወጣሁ። ማዳም ካቲና፣ “እንዴት ትወስጃለሽ?” ስትለኝ፣ “በረሃ ላይ የተለመደ ነው” አልኳት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንደ ቁልቁለት ነው፤ እግር ራሱ ይሮጣል።

ሹፌሩ አብዲ ይባላል። የአንድ ነጋዴ ላንድሮቨር የሚነዳ፣ ሳቂታ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሰው። “መንገዱን ታውቀዋለህ?” አልኩት። “አቦ፣ እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀኝ? ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው!” አለኝ። ደስ አለኝ። የሚያውቀው ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን ብቻ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እሱ በበኩሉ ሰባት ዓመት በረሃ የኖረ ሰው ጎኑ እንደሚቀመጥ ሰምቶ በእኔ ተማምኖ ነበር።

የተነሣነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ስንቅ ለመጫን ወንዙን ተሻግረን ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድን። እንግዶቹ በበረሃ እንዳይጠሙ አርባ ፓፓያ ገዛሁ። ለምን አርባ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሻጯ ሃያ ስትል እኔ ልምድ ያለው ሰው ለመምሰል፣ “እጥፍ አድርጊው” አልኩ። አልጋው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መኪናው ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ፓፓያው አልጋው ላይ በአጎበር ተሸፍኖ ተኝቷል። የቀፊራ ሰው ሙሽራ የምናመጣ መስሎት እልል አለልን።

ስንመለስ በድልድዩ ማለፍ ነበረብን። እኔ ግን የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

“አብዲ፣ በአሸዋው ውስጥ ሂድ። እንግዶቹ ከአሁኑ በረሃውን ይልመዱት።”

“ዋርያ፣ ድልድዩ እኮ እዚያ ነው!”

“ሰባት ዓመት!” አልኩት።

ገባ። መሃል ላይ ስንደርስ መኪናው አንድ ጊዜ ጓ ብሎ እስከ ሆዱ ተቀበረ። አብዲ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ይበልጥ ይሰጥማል። አንድ ፓፓያ ከላይ ተንከባሎ የሙሴ ጉስታቭ ጭን ላይ ዐረፈ። ማዳም ክላራ በመነጽሯ ግራና ቀኝ አየች።

“በረሃው ይኼ ነው?” አለችኝ።

“መጀመሪያው ነው፣ ማዳም” አልኩ። ከትከሻዋ በላይ የሆቴላችን ሰፈር ዛፎች ይታዩኛል።

የገበያው ሰው ወረደልን። ሽንኩርት ሻጭ፣ ጋሪ ነጂ፣ ተሸካሚ፣ ሁሉም እየሳቀ፣ እየገፋ፣ ምክር እየሰጠ። በኦሮምኛ የሚያዝ አለ፣ በሶማሊኛ የሚሳደብ አለ፤ መኪናው ግን የሁሉንም ቋንቋ ንቆ ተቀምጧል። አልጋውን አወረድን፣ አወጣን፣ ደግመን አወረድን። ማዳም ክላራ የወረደው አልጋ ላይ ባርኔጣዋን አጥልቃ በደቻቱ መሃል ተቀምጣ ፓፓያ በላች። ስንወጣ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ስድስት ሰዓት ደግሞ የአብዲ የመንጃ ሰዓት አይደለም። ምሳውን በላ። ከዚያ፣ “አቦ፣ ያለ ጫት በረሃ አልገባም፤ እንቅልፍ ይወስደኝና ሬሳችሁን ነው የሚለቅሙት” አለ። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅጠሉን እያማረጠ ሲቀነጥስ ሙሴ ጉስታቭ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። “የበረሃ መድኃኒት ነው” አልኩት። እሱም ቀመሰ፤ ፊቱን አጨፈገገ፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ከተማዋን የለቀቅነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ መልካም ሄድን። ከዚያ መንገዱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አብዲ መኪናውን አቆመና አየኝ። እኔም አየሁት።

“በየት ነው?” አለኝ።

“አንተ ነህ እንጂ ሹፌሩ!”

“አንተ አይደለህ እንዴ በረሃ ያደግከው?”

ካርታዬን አወጣሁ። “ብርቱካን” ይላል። ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ብርቱካን የለም። ያለው ግራርና ቁልቋል ነው። እንዳላፍር ብዬ እጄን ወደ መሃለኛው መንገድ ሰነዘርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄድን። አቧራው ውስጣችን ገባ፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት መልክ ያዝን፤ ከሩቅ ቢያዩን ማን ፈረንጅ ማን ሐበሻ እንደሆነ አይለይም። አንድ የወደቀ ግራር አለፍን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሱኑ የመሰለ ሌላ ግራር አለፍን። ሦስተኛው ላይ ቅድም በመስኮት የጣልነው የፓፓያ ልጣጭ ተንጠልጥሎ አገኘነው። አብዲ መሪውን በግንባሩ መታው።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ፊት ለፊታችን ቤቶች ታዩን። ነፍሴ ተመለሰች። ወደ እንግዶቹ ዞሬ በዝግታ ተናገርኩ።

“አሁን የበረሃው ልብ ውስጥ ነን። እነዚህ ሰዎች ፈረንጅ አይተው አያውቁም። እንዳይደነግጡ መጀመሪያ እኔ ላነጋግራቸው። ከመኪናው እንዳትወርዱ።”

ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ሽርጣቸውን አሸርጠው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደማናግር እየጮኽኩ፣ “ሰላም! ለእናንተ! ይሁን!” አልኩ።

ሽማግሌው እኔን አልፈው መኪናውን አዩ። ብድግ ብለው፣ “ቦንዡር ማዳም! ቦንዡር ሙሴ! እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ ጉዞ እንዴት ነበር?” አሉ፤ እንደ ውሃ በሚፈስ ፈረንሳይኛ። የእኔ ፈረንሳይኛ አጠገቡ ቢቆም እንደ ጎማ አልባ መኪና ነው።

ስማቸው አባ ዩሱፍ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ጠጋኞች ካቦ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚህ መሃል ከየቤቱ ሰው ወጥቶ መኪናውን ከበበው። አንዲት ሴት አልጋውን በእጇ እየፈተነች፣ “አልጋው ስንት ነው?” አለችኝ።

“የሚሸጥ አይደለም!”

“እሺ ፓፓያውስ?”

“አባቴ፣ ይኼ አገር ማን ይባላል?” አልኳቸው ሽማግሌውን በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

“መልካ ጀብዱ ነዋ፣ ልጄ።”

መልካ ጀብዱ! የድሬዳዋ ጋሪዎች ጠዋት መጥተው ለምሳ የሚመለሱባት መልካ ጀብዱ! የሆቴሉ ወተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሙሴ ጉስታቭ መስኮቱን ከፍቶ፣ “አዋሽ ለመድረስ ብዙ ቀረን?” ብሎ አባ ዩሱፍን ጠየቃቸው።

“ከየት ነው የተነሣችሁት?”

“ከድሬዳዋ።”

“መቼ?”

“ዛሬ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።”

አባ ዩሱፍ እኔን አዩኝ፣ አብዲን አዩት፣ ሰማይ ላይ የተሰቀለውን የአልጋ እግር አዩ። “በእግራችሁ ብትመጡ ኖሮ ቁርስ ላይ ትደርሱልኝ ነበር” አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ማዳም ክላራ ቀስ ብላ ወረደችና ፊቴ ቆመች። ባርኔጣዋ ደረቴ ድረስ ነው የሚደርሰው፤ ግን ክፍል ፊት የቆምኩ ተማሪ ሆንኩ።

“ሰባት ዓመት በረሃ ኖሬያለሁ አላሉኝም?” አለች።

“ማዳም” አልኩ። “እኔ ሰባት ዓመት ያገለገልኩት ዴሴሩን ነው። ካራሜሉን። እሁድ ሁለት ጊዜ የሚቀርበውን።”

በከንፈሯ ቃሎቹን ደጋግማ ሞከረች፤ “ዴዜር፣ ዴሴር።” ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ባርኔጣዋ ወለቀ፤ ሳቋ ነው። ለባልዋ ነገረችው፤ እሱም ተልጦ የቀረው አፍንጫው እስኪቀላ ሳቀ። አባ ዩሱፍ ለሰፈሩ ተረጎሙ። መልካ ጀብዱ በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር፣ ሳቀብኝ። አብዲ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ “አቦ፣ ካራሜል!” እያለ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል።

ሳቁ ሲበርድ አባ ዩሱፍ፣ “እዚያ ሐዲድ ላይ ነው ያረጀሁት፤ ነገ ጠዋት እኔ እወስዳችኋለሁ” አሉ። ባልና ሚስቱ በአባ ዩሱፍ ግቢ፣ በስምንት ቁጥር አልጋ ላይ፣ በአጎበር ውስጥ ተኙ። ከዕቅዴ ሁሉ የሠራው እሱ ብቻ ነው። ፓፓያው ለሰፈሩ ታደለ።

በማግስቱ አባ ዩሱፍ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ከነዳጁ በርሜል ጋር። መቼም ሰው ካፈረ በኋላ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥቂት ሰዓት እንኳ አልታገሥኩም። “መንገዱን አላውቅም እንጂ አውሬውን ግን በደንብ ነው የማውቀው” አልኩ። አባ ዩሱፍ ለአብዲ መንገዱን ማሳየታቸውን ቀጠሉ።

ማታውን አዋሽ ገብተን አደርን፤ ጠዋት በማለዳ ወደ ፓርኩ ሜዳ ወጣን። ሣሩ ቢጫ ነው፣ ፈንታሌ ተራራ ከሩቅ ይታያል። ማዳም ክላራ መነጽሯን ከዓይኗ ሳታወርድ ሁለት ሰዓት ቆመች። ሚዳቋ አየን፣ ሰጎን አየን። ሳላ የለም። እጆቿ ሲዝሉ ሳይ ለእሷ ስል ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። እንዳጋጣሚ በስተግራ አንድ ነገር ቆሟል፤ ግራጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨት ያለው መሰለኝ።

“ተውት፣ ማዳም፣ እሱን አይዩት” አልኩ። “እንጨት የተጫነ አህያ ነው። ይልቅ እዚያ ይመልከቱ! ያ ነው ሳላ!”

በሙሉ ልቤ ጣቴን ቀስሬ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ኩይሳ አሳየኋት።

ማንም ወደ ጣቴ አላየም። አባ ዩሱፍ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ማዳም ክላራ ወደ አህያዬ ዞራ በድን ሆናለች። አህያው ቀና አለ። እንጨት ያልኳቸው ሁለት ቀንዶች ሰማዩን ወጉት። ፊቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንደ ዳኛ ያየናል። ባልዋ ክንዷን ያዛት። እንባዋ አቧራ በለበሰው ፊቷ ላይ መንገድ አወጣ። ከሳላው ኋላ ሌላ ቀና አለ፣ ሌላ፣ ሌላ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ጣቴን ማውረድ ግን ረስቼ ነበር።

ድሬዳዋ ከተመለስን በኋላ ወደ ባቢሌ ሲሄዱ አባ ዩሱፍንና አብዲን ይዘው ሄዱ። እኔን ማዳም ክላራ ጉንጬን ስማ፣ “እርስዎ እዚህ ይረፉ” አለችኝ።

ማዳም ካቲና ሁሉን ሰማች። አላባረረችኝም፤ ዋና ኃላፊም አላደረገችኝም። ከወራት በኋላ ከስዊስ አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። ውስጡ ሙሴ ጉስታቭ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው። መሃል ላይ ሳላው ቀንዱን ሰቅሎ ቆሟል፣ ያምራል። ጥግ ላይ ደግሞ እኔ፣ ጀርባዬን ለሳላው ሰጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ጣቴን ወደ ባዶ ሜዳ ቀስሬያለሁ። ማዳም ካቲና በመስታወት አስገብታ ከራሴ በላይ፣ ቁልፍ ከሚንጠለጠልበት አጠገብ ሰቀለችው።

አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ይጠይቃል። “ይኼ ሰውዬ ምን እያሳየ ነው?”

ማዳም ካቲና ሳትስቅ ትመልሳለች።

“እሷ? እሷ መንገድ ናት የምታሳይ።”